ጥምጥም ወይስ ሄልሜት? እስቲ ፍረዱን

የትራክ ሾፌሩ (ብራምፕተን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ቡና ላይ አንድ ነገር አነሳንና ሳንግባባ ተለያየን። እዚህ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው። ጥምጥም የሚያስሩ ሲኮች፣ ሕንድ ውስጥ የተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ግን ከ2018 ጀምሮ ነፃ ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በ2014 የኦንታሪዮ መሪ (ፕሪሚየር) የነበሩት ካትሊን ዊን ለደህንነት ሲሉ አይሆንም ብለው ነበር። ዳግ ፎርድ መጡና ፈቀዱ። እኔ የምሠራው ከሲክ ፑንጃቢዎች፣ ከፑንጃብ ሰዎች፣ ጋር ነው። ጉርድዋራቸው (ቤተ ጸሎታቸው) ገብቼ ላንገር የሚሉትን፣ ለመጣ ሁሉ በነፃ የሚቀርበውን ምግብ፣ መሬት ተቀምጬ በልቻለሁ። ከሰዎቹ ጋር ጸብ የለኝም። ግን አስፋልት ሃይማኖት አይለይም። ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሁን፣ ካልሆነ ለማንም። ተሳሳትኩ?

የለንደኗ፦
ጋሼ፣ ተሳስተዋል። መጀመሪያ ጥምጥሙን ኮፍያ አናድርገው። የሲኮች መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 ሕንድ፣ አናንድፑር ላይ ኻልሳን፣ ቃል ኪዳን የገቡ ሲኮችን ማኅበር፣ ሲመሠርቱ፣ ቃል ኪዳኑን የገባ ሲክ አምስት ነገር ከሰውነቱ እንዳይለይ ተባለ። ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ አጭር የውስጥ ሱሪና ኪርፓን የሚባለው ጩቤ። ጥምጥሙ ያን ፀጉር የሚጠብቅ ነው። ሰው ፊት አውልቆ መቆም ለአማኙ ራቁት እንደመቆም ነው። ሄልሜቱ ደግሞ ከጥምጥሙ በላይ አይገባም። ስለዚህ “ሄልሜት አድርግ” ማለት ለእሱ “ጥምጥምህን አውልቅ” ማለት ነው። እንግሊዝ ሄልሜትን በ1973 አስገደደች። በ1976 ፓርላማው ጥምጥም ያሰረ ሲክን ነፃ አወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ አለ፣ አገሪቱም አልፈረሰች። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እኮ ለእንግሊዝ በጥምጥም ተዋግተዋል!

ሞተረኛው (አዲስ አበባ)፦
ጦርነት ሌላ፣ ሞተር ሌላ። ወታደሩን አዝምተውት ነው። ሞተር ንዳ ያለው ማን አለ? ታክሲ ይያዛ።

የለንደኗ፦
አንተ ራስህ ታክሲ ያዝ ብትባል ሥራህን ትተዋለህ?

ሞተረኛው፦
እኔማ ሄልሜቴን አድርጌ እሠራለሁ። 😂

ነርሷ (ሚኒሶታ)፦
ሳቁን ትታችሁ እኔን ስሙኝ። ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሄልሜት ለሞተር ነጂ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይሄ ከብዙ ጥናቶች ተጠቃሎ የወጣ ቁጥር ነው። ለእኔ ግን ቁጥሩ ሰው ነው። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ሁሌ አይሞትም። ይተርፍና ሚስቱን ሳያውቃት ይቀራል። ዳይፐር የምትቀይርለት እናቱ ናት። “የራሱ ሕይወት ነው” ከምትሉኝ በላይ የሚያናድደኝ ነገር የለም፣ ምክንያቱም የራሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም።
ግን አንድ ነገር ልመን። እኔ ባለሁበት ስቴት ዐዋቂ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ካለው፣ ሲክም ሆነ አልሆነ ያለ ሄልሜት ይነዳል። ፀጉሩን በነፋስ እያስመታ የሚሄደውን ዝም ብለን በእምነቱ የሚለምነውን ስንከለክል ትንሽ ያስቃል።

ሕግ ያጠናው (ፍራንክፈርት)፦
እህቴ ያነሳችውን ነጥብ የጀርመን ፍርድ ቤት ይዞታል። አንድ ሲክ ነፃ ይደረግልኝ ብሎ ተከራክሮ በ2019 ጉዳዩ ላይፕዚግ ያለው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰ። ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ሄልሜቱ ለነጂው ብቻ አይደለም አለ። አደጋው ላይ የሚደርሱ ሰዎችና የሕይወት አድን ሠራተኞች ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ሲያዩ መንፈሳቸው ይጎዳል። ሄልሜት ያደረገ ሰው ደግሞ ከግጭቱ በኋላ ራሱ ሌላውን መርዳት ይችላል። ሰውየው የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላለው ሞተር የግድ አያስፈልገውም ተባለ። በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጉትም። በተለየ ምክንያት ሞተር የግድ የሚያስፈልገው ሰው ቢመጣ ነገሩ ሌላ ነው።

ማተብ አሳሪው፦
ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ታወራላችሁ። ማተብህን በጥስ ብትባሉስ? በዘመኑ ለማተባቸው አንገታቸውን የሰጡ አባቶች ልጆች ነን እኮ!

ሞተረኛው፦
ወንድሜ፣ ማተብ አንገት ላይ ነው። ሄልሜት ምን አደረገው? ቄሱም ቢሆን ጥምጥሙን ፈትቶ ሄልሜት ቢያደርግ ክህነቱ አይፈርስም።

ማተብ አሳሪው፦
እሱን ነው የምልህ። ለእኛ አይፈርስም። ለእነሱ ይፈርሳል። በእኛ ልክ ለምን እንሰፋላቸዋለን?

ሞተረኛው፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝከኝ።

ከዱባይ፦
እኔ ሂጃብ ለባሽ ነኝ። ከሂጃቤ ላይ ሄልሜት ይገባል። ስለዚህ “ለሲክ ከተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀድ” የሚለው ለእኔ አይሠራም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሌላዋ የካናዳ ክፍለ ሀገር ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1999 ስትፈቅድ ጥምጥሙ አምስት ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ጨርቅ መሆን አለበት ብላ ጻፈች። ትራፊኩ ሜትር ይዞ ሊለካ ነው እንዴ? 😄

የትራክ ሾፌሩ፦
ልክ ነሽ ልጄ! ይሄ ነው የኔም ነገር። መንግሥት የጨርቅ ልኬት ውስጥ ከገባ መጨረሻው አያምርም። ደግሞስ ለምን ለጥምጥም የሚሆን ሄልሜት አይሠሩም? እዚሁ ኦንታሪዮ አንዲት ሲክ እናት ለልጆቿ የብስክሌት ሄልሜት ሠርታለች። ልጆቹ ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ ጠቅልለው ስለሚያስሩ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው። ገበያ ላይ ወጥቷል።

የለንደኗ፦
ጋሼ፣ እሱ ለልጆች ነው። ልጆች ሙሉ ጥምጥም ሳይሆን ስስ ጨርቅ ነው የሚያስሩት። ለዐዋቂ ቀላል አይደለም። ሕንድ በ2023 ለሲክ ወታደሮች ተብሎ የተቀረጸ 12,730 ጥይት መከላከያ ሄልሜት ልትገዛ ስትል አምሪትሳር ያለው አካል ታኽት፣ ከሲኮች የበላይ የሃይማኖት መንበሮች አንዱ፣ ተቃወመ። ጉዳዩ ቅርጹ አይደለም። ጥምጥም ላይ ምንም አይጫንም ነው ነገሩ።

ነርሷ፦
ጥይት እየመጣም?!

የለንደኗ፦
አዎ። እኔም እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብያለሁ።

ሕግ ያጠናው፦
መሀል መንገድ አለ እኮ። እንግሊዝ በ1989 ግንባታ ቦታ ላይ የሚሠሩ ሲኮችን ከሄልሜት ነፃ አወጣች፣ በ2015 ወደ ሌሎች የሥራ ቦታዎችም አሰፋችው። ግን ሕጉ ውስጥ ጠበቅ ያለች አንቀጽ አለች። ሌላ ሰው በጥፋቱ ቢጎዳህ ካሳ የምታገኘው ሄልሜት ብታደርግም ኖሮ ይደርስብህ ለነበረው ጉዳት ብቻ ነው። የቀረው በአንተ ነው። ነፃነቱን ይሰጡሃል፣ ሂሳቡንም አብረው ይሰጡሃል። ለእኔ ይሄ ከካናዳውም ከጀርመኑም ይሻላል።

ነርሷ፦
ካሳውን በአንቀጽ ቀነሳችሁት። አልጋዬ ላይ ያለውን ሰውዬ በየትኛው አንቀጽ ትቀንሱታላችሁ?

ሕግ ያጠናው፦
አልችልም። ግን ሲጋራ አጫሹም አልጋሽ ላይ ነው ያለው።

የትራክ ሾፌሩ፦
እንግዲህ እኔ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ዐዋቂ ከሆነ፣ ከኋላው ሰው ካልጫነ፣ ሂሳቡንም ከተሸከመ ይንዳ። የጫነ ጊዜ ግን አልስማማም፣ ብትጮሁም። ጉርድዋራ ስገባ ጫማዬን አውልቄ፣ ራሴን ሸፍኜ ነው። ቤታቸው ነውና ሥርዓታቸውን አከብራለሁ። መንገዱ ግን የሁላችንም ቤት ነው።
ይሄን እየጻፍኩ አጠገቤ ያለውን ጥምጥም አሳሪ ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ሞተር ትነዳለህ ወይ አልኩት። “ሕጉ ፈቅዶልኛል፣ ሚስቴ ግን አልፈቀደችም” አለኝ።

ነርሷ፦
ሚስቱን ሰላም በሉልኝ።