ነጭ ሻርክ ገንዳ ውስጥ የማይኖረው ለምንድን ነው?

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዓሣ ሳስተምር የዱባዩን ትልቅ አኳሪየም ቪዲዮ በስልኬ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ሻርኮቹ ከመስታወቱ ጀርባ ውር ውር ሲሉ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ ያ ትልቁ ነጭ ሻርክስ የት አለ?» አለችኝ። የትም አኳሪየም የለም ብዬ አለፍኩት፤ ግን ይሄ መልስ ስላልሆነ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እንዴት አቃታቸው? ሰኞ እነግርሻለሁ ብያታለሁና የምታውቁ እርዱኝ።

የአንኮበር ልጅ፦
ቲቸር፣ ዋናው ነገር አተነፋፈሱ ነው። ብዙ ዓሣ ባለበት ሆኖ አፉን ከፈት ዘጋ እያደረገ ውሃውን ወደ ስንጥቡ ይገፋል። ነጭ ሻርክና ማኮ የሚባለው ሻርክ ግን ይህን አይችሉም፤ ወደ ፊት ሲዋኙ ነው ውሃው በስንጥባቸው የሚያልፈው። ከቆሙ ታፈኑ።
ለልጆቹ እንዲህ ብለህ ንገራቸው። ጣርማበር ገደሉ አፋፍ ላይ ጥንብ አንሳ ያያሉ አይደል? ክንፉን አንዴ መታ ያደርግና ከዚያ ዝም ብሎ ተንሳፎ ገደሉን ያቋርጣል። የውቅያኖስ ሻርክም ጅራቱን መታ መታ ያደርግና ይንሸራተታል፣ ጉልበቱን የሚቆጥበው ያኔ ነው። ገንዳ ውስጥ ግን ገና መንሸራተት ሳይጀምር ግድግዳ ይደርሳል። ይዞራል። እንደገና ግድግዳ። ያን ጥንብ አንሳ አዳራሽ ውስጥ ዘግታችሁበት አስቡት! ጉልበቱ ያልቃል፣ አፍንጫው በግጭት ይቆስላል፣ መብላትም ያቆማል።

ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፤ ግን ሞክረው ለጊዜው የተሳካላቸውም አሉ። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም በ2004 እ.ኤ.አ. አንዲት ትንሽ ሴት ነጭ ሻርክ አስገብቶ 198 ቀን አቆይቷታል። መጀመሪያ ባሕሩ ላይ በተዘረጋ ሰፊ የመረብ አጥር ውስጥ አላመዷት፣ መብላቷን አዩ፣ ከዚያ ነው 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ወደሚይዘው ገንዳ ያመጧት። እያደገች ስትሄድ አብረዋት የነበሩ ሁለት ሻርኮችን ገደለችና ወደ ባሕር መለሷት። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ በድምሩ ስድስት አስገብተው ከዚያ ተዉት። ጃፓን ኦኪናዋ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. የገባው 3.5 ሜትር ወንድ በሦስተኛ ቀኑ ሞተ። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።
በቪዲዮው ያየሃቸው ጥርሳቸው ወደ ውጭ የወጣ ከሆኑ የአሸዋ ነብር የሚባሉት ናቸው። አየር ውጠው ሆዳቸው ውስጥ ስለሚይዙ ብዙ ሳይደክሙ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ ለዚህ ነው ገንዳ የሚለምዱት።

ነርስ ነኝ፣ ከመንዝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ገንዳ የለመዱትም ቢሆኑ እንቅርት ይይዛቸዋል። አዎ፣ እኛ ደጋ ላይ የምናውቀው እንቅርት! በተዘጋ ውሃ ውስጥ ከዓሦቹ ኩስ የሚመጣው ናይትሬት ይጠራቀማል፤ እሱ ደግሞ ሰውነታቸው አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። ውሃውን የሚያጠሩበት ኦዞን የሚባለው ጋዝም አዮዲኑን ወደማይጠቅማቸው ዓይነት ይቀይረዋል። ስለዚህ አዮዲን ከምግባቸው ጋር ይሰጣቸዋል፣ ልክ ለእናቶች አዮዲን ያለው ጨው ግዙ እንደምንለው።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦
ተባረኩልኝ! በተለይ እንቅርቱን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፣ እህቴ። ሰኞ ከጥንብ አንሳው እጀምራለሁ፤ ከክፍላችን መስኮትም ሲያንዣብብ ይታያል።