አምባሰልን በኦቶቲዩን ማረም፦ ይቅር ወይስ ይኑር?

አወያይ፣ ደሴ፦ የወሎ ዘፈን በስቱዲዮ ሲቀረፅ የዘፋኙን ድምፅ በኦቶቲዩን፣ ማለትም ከቅኝት የወጣን ድምፅ ስቦ በሚያስተካክል ሶፍትዌር፣ ማረም ተለምዷል። እንደ አምባሰል ያለውን ቅኝት እያጠፋው ነው የሚሉ አሉ፤ ያለሱ የዛሬ አድማጭ አይሰማንም የሚሉም አሉ። የምትሉትን ከነምክንያቱ ጻፉ።

ባለማሲንቆ፣ ሐይቅ፦ «ኦቶቲዩን ይቅር» ከሚሉት ነኝ። ዶን መነሻ ካደረግን አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ከሬ ፍላት እስከ ፋ ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ዘፋኙ ዘሎ አይሻገረውም፣ እየጎተተ ይወጣዋል። በማሲንቆም ጣት ጭራው ላይ እየተንሸራተተ ይከተለዋል። ኦቶቲዩን ይህን ጉተታ እንደ ስህተት ቆጥሮ ይቆራርጠዋል። ዳገት የነበረው ደረጃ ይሆናል። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ሰምቶ ያደገ ጆሮ ይህን እንዴት ይቀበል?

ስቱዲዮ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ጉዳቱን በትክክል ነግረኸናል፤ ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ሳይሆን የአያያዙ ነው። ደረጃው የሚፈጠረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስኬሉ (ሶፍትዌሩ የሚፈቅዳቸው ድምፆች ዝርዝር) ክሮማቲክ ላይ ሲተው 12ቱም ድምፆች ክፍት ናቸው፤ ጉተታው ሬ፣ ሚ ፍላትና ሚ ላይ እየተያዘ ይለቀቃል። ሁለተኛ፣ ሪቲዩን ስፒዱ (የእርማቱ ፍጥነት) ዜሮ ላይ ከሆነ እርማቱ ቅጽበታዊ ነው። ስለዚህ ክሮማቲክን ከፍቶ 7ቱን ድምፆች ‹ሪሙቭ› ማድረግ (ማስወጣት)፤ የሚቀሩት አምስቱ የአምባሰል ናቸው። ከነዚያም ሬ ፍላትን ‹ባይፓስ› ማድረግ፤ ዘፋኙ እንዳወጣው ሳይነካ ያልፋል። ስፒዱን ደግሞ ከ40 እስከ 80 ማድረስ፤ ቁጥሩ ሲጨምር እርማቱ ይዘገያል፣ ጉተታውም ይተርፋል። ዘፈኑ መሐል ላይ ቅኝት ከቀየረ ያንን ክፍል ለይቶ ሌላ ትራክ (የቀረፃ መስመር) ላይ ማድረግ ወይም ስኬሉን እዚያ ላይ መቀየር ግድ ነው፤ አለዚያ ትክክለኛውን ድምፅ ወደ ተሳሳተው ይስበዋል።

ባለማሲንቆ፣ ሐይቅ፦ አምስቱ ቀሩ እንበል። እነዚያኑ ድምፆች ከፋ ጀምረህ ደርድራቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ሆነልህ! አንዲት ድምፅ አልተጨመረችም፣ አልተቀነሰችም። አምባሰልን ከትዝታ ማይነር የሚለየው ማረፊያው ነው፤ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍና የትኛው ወደ ማረፊያው እንደሚያዘነብል የሚያውቀው ዘፋኙ ነው። ሶፍትዌሩ ባይፓስ ካደረግካት ሬ ፍላት በቀር ሁሉንም እኩል ያርማቸዋል፤ ያ ማዘንበል ይጠፋል።

ኪቦርዲስት፣ ወልድያ፦ እናንተ ድምፁን ትከራከራላችሁ፣ ጣጣው ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ላ የሚባለው ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ ነው። በኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት አለ። ማሲንቆው ከኪቦርዱ ሬ 35 ሴንት ዝቅ ብሎ ከተቃኘ ኦቶቲዩን የዘፋኙን ድምፅ በሙሉ 35 ሴንት ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ማሲንቆው ባለበት ይቀራል፤ ሁለቱ ይጣላሉ። ከዚያ «ማሲንቆው ከቅኝት ወጥቷል» ተብሎ ድምፁ ይቀነሳል፣ ወይም በኪቦርድ ማሲንቆ ይተካል። በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ በስልክ ቱነር የማሲንቆውን ክፍት ጭራ ማንበብ፣ የኪቦርዱን ማስተር ቲዩን (ሁሉንም ቁልፍ አብሮ የሚያወጣና የሚያወርድ ማስተካከያ) 35 ሴንት ዝቅ ማድረግ፣ የኦቶቲዩኑን መነሻ ላ ደግሞ 431.2 ኸርዝ ላይ ማስቀመጥ።

እታለም፣ ባቲ፦ የምትሉት ሁሉ ድምፁ ለብቻው ሲቀረፅ ነው። አዝማሪ ግን እየመታ ነው የሚዘፍነው። ኦቶቲዩን የተሠራው ለአንድ ድምፅ ነው፤ ማሲንቆው በዘፋኙ ማይክ ሲገባ የቱን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። ማሲንቆ ዜማውን ከድምፁ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት እያለ ስለሚከተል ይባስ ያደናግረዋል፤ ቃሉ መሐል ላይ ይርገበገባል፣ አንዳንዴ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያህል) ይዘላል።

ስቱዲዮ፣ ኮምቦልቻ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ በደንብ፣ ከጀርባው በጥቂቱ የሚሰማ) ከአፉ 10 ሳንቲሜትር ላይ፣ ጀርባው ወደ ማሲንቆው ዞሮ ቢተከል መደበላለቁ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። መጀመሪያ ማሲንቆውን፣ ቀጥሎ ድምፁን መቅረፅም ይቻላል።

ባለማሲንቆ፣ ሐይቅ፦ ኧረ በሞቴ፣ እሱማ ሌላ ጥፋት ነው! አዝማሪው ግጥሙን እያሰበ ደጋኑን ያቆያል፣ ቃሉ ሲመጣለት ይለቀዋል። ቀድሞ የተቀረፀ ማሲንቆ ማንንም አይጠብቅም።

ስቱዲዮ፣ ኮምቦልቻ፦ በዚህ ተረትቻለሁ። ለአዝማሪ ኦቶቲዩኑ ይጥፋ፤ የተበላሸ ስንኝ ካለ ማሲንቆውንም ድምፁንም ይዞ ያንኑ ስንኝ ይድገመው፣ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል። ከባንድ ጋር ለብቻው ለሚቀረፅ ዘፋኝ ግን ባልኩት አያያዝ ይኑር፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

እታለም፣ ባቲ፦ ለባንዱም ቢሆን ያልታረመው ቅጂ ይቀመጥ። ፋይሉ ላይ መነሻው ላ ስንት ኸርዝ እንደሆነና ቅኝቱ ይጻፍበት። ብዙ ቦታ የሚቀረው የታረመው ብቻ ነው፤ ነገ አምባሰልን ከዚያ ቅጂ የሚማር ልጅ የሚማረው ደረጃውን ነው።