ክርክር፦ ቅርጫት ኳስ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፤ ክህሎቱ ይቅደም ወይስ ጨዋታው?

አወያይ፦ እንደምን ዋላችሁ መምህራን። በቅጽል ስማችሁ እንነጋገራለን። የዛሬው መከራከሪያ ይኸው። የሁለተኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ቅርጫት ኳስን ሲያስተምር ማቀበልን፣ ማንጠርንና መወርወርን መጀመሪያ ለየብቻ አስለምዶ ነው ወደ ጨዋታ የሚገባው? ወይስ ከመጀመሪያው ቀን በትንንሽ ጨዋታ ታክቲኩን እያሳየ፣ ክህሎቱን ችግሩ በታየበት ቦታ ላይ ያስገባል? ሁላችሁም በአንድ ሚዛን እንድትነጋገሩ ሁኔታውን ልወስን፦ 48 ተማሪ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 8 ኳስ፣ ሁለት ቅርጫት ያለው አንድ ሜዳ፣ በጠቅላላው 8 ክፍለ ጊዜ። «መሣሪያ ቢሟላ ኖሮ» የሚል መከራከሪያ አንቀበልም።

ፊሽካ፦ ክህሎቱ ይቅደም ባይ ነኝ። ኳስ በቅጡ መያዝ ያልቻለ ተማሪ ሐሳቡ ሁሉ ኳሱ ላይ ነው። ሲቀበል እንዳያመልጠው እጁን ያያል፣ ሲያነጥር ወለሉን ያያል፤ ክፍት የቆመው ጓደኛው አይታየውም። «ቀና በል፣ ክፍት ቦታ ፈልግ» የሚለው ትእዛዝ ለእሱ ባዶ ቃል ነው።

ለይ አፕን (ወደ ቅርጫቱ ተጠግቶ፣ በእርምጃ ዘሎ ኳሱን ማስገባትን) ውሰዱ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተማሪ ከቅርጫቱ በስተቀኝ፣ ከቦርዱ 45 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይቆማል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በግራ እግሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተራምዶ፣ ቀኝ ጉልበቱን ወደ ላይ ስቦ፣ ኳሱን ቦርዱ ላይ ባለው አራት ማዕዘን በእሱ በኩል ያለውን የላይኛውን ጥግ ያስነካል። ይህን ሲለምድ ሁለት እርምጃ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ዝላይ። ቀጥሎ አንድ ማንጠር ይጨመራል፤ ግራ እግሩ ሲያርፍ ኳሱ ወለሉን ይመታል፣ ይይዘዋል፣ ከዚያ ቀኝ፣ ግራ፣ ዝላይ። ሩጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መምህሩ ከመሐል ሜዳ አስሩጦ ስለሚጀምር ነው። ተማሪው በፍጥነቱ እርምጃው ይደባለቅበታል፣ በቀኝ እግሩ ይነሣል፣ ቅርጫቱን አልፎ ከሥሩ ይገባና ኳሱን ቦርዱ ላይ ይወረውረዋል። መፍትሔው ወለሉ ላይ በቾክ ሁለት የእግር ምልክት መሥራት ነው። ይህን በ3 ለ3 (ሦስት ተማሪ በሦስት ላይ) ጨዋታ መሐል አስተምሩ ብትሉኝ አልስማማም። ተከላካይ ፊቱ የተደቀነበት ጀማሪ እርምጃውን አይቆጥርም።

ሦስት ለሦስት፦ ጋሼ ፊሽካ፣ የለይ አፑ ቅደም ተከተል ላይ የምጨምረው የለኝም። የእኔ ጥያቄ ሰዓቱ ላይ ነው። 48 ተማሪ በሁለት ቅርጫት ሲሰለፍ 24 በ24 ነው። አንዱ ሄዶ፣ ሞክሮ፣ ኳሱን ለቅሞ ለተከታዩ እስኪሰጥ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ተራው ዞሮ የሚመጣው 3 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ስም ጥሪው፣ ማሟሟቁና ማቀዝቀዣው ወጥቶ 24 ደቂቃ ቢተርፍ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 7 ሙከራ ነው። የቀረውን ጊዜ የፊተኛውን ጀርባ እያየ ቆሞ ያሳልፋል።

በጨዋታ ስጀምር ሜዳውን እከፍለዋለሁ። 28 በ15 ሜትር የሆነው ሜዳ ርዝመቱ ለሦስት፣ ወርዱ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዳቸው 9 በ7 ተኩል ሜትር ግድም የሆኑ ስድስት ቦታዎች ይወጡታል። በእያንዳንዱ 3 ለ3፤ 36 ተማሪ ይጫወታል። ቀሪዎቹ 12 በየቦታው ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ይዳኛል፣ አንዱ ቅብብሉን ይቆጥራል፤ በየ4 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ቅርጫት አያስፈልግም። ሕጉ ጥቂት ነው፦ ማንጠር የለም፣ ኳስ የያዘ ከ5 ሰከንድ በላይ አይቆይም፣ ተከላካይ የክንድ ርዝመት ያህል ይርቃል፣ አምስት ተከታታይ ቅብብል አንድ ነጥብ ነው።

ማንጠርን ማገዴ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ጄምስ ኔስሚት እ.ኤ.አ. በ1891 ስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጨዋታውን የፈጠረው ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ነው፤ በ13ቱ የመጀመሪያ ሕጎችም ኳስ ይዞ መሮጥ አይቻልም፣ የያዘው ሰው ከያዘበት ቦታ ነበር የሚወረውረው። ጀማሪ ማንጠር ከተፈቀደለት ኳስ በደረሰው ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው መሬት መምታት ነው፤ ቀና ሳይል፣ ማን ክፍት እንደሆነ ሳያይ። ሲታገድ ግን ማየት ግድ ይሆንበታል።

ፊሽካ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ስቷል። ሰልፉን ያረዘመው ክህሎት ማስተማር ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው። 48ቱንም በአንድ ጊዜ ቅርጫት ሥር ማን አሰለፋቸው? 12 ተማሪ በሁለት ኳስ ለይ አፕ ይሥራ፣ 36ቱ በቀሩት 6 ኳሶች ስድስት ስድስት ሆነው ሦስት በሦስት ፊት ለፊት ቆመው ይቀባበሉ፤ አቀብሎ ወደ ተቃራኒው ሰልፍ ጫፍ ይሮጣል። በየ6 ደቂቃው አራት ጊዜ ይዞራሉ። ለይ አፑ ያው 7 ግድም ነው፣ ቀሪው 18 ደቂቃ ግን አይባክንም። በቅብብሉ በየ2 ሰከንዱ አንድ ኳስ ቢሄድ ለአንድ ተማሪ በደቂቃ 5፣ በ6 ደቂቃ 30 ይደርሰዋል። የእርስዎ 3 ለ3 ውስጥ ደካማው ተማሪ በ4 ደቂቃ ስንት ጊዜ ኳስ ይነካል? እስቲ እሱን ይቁጠሩልኝ።

ሦስት ለሦስት፦ አንዳንዱ ሁለት ጊዜም ላይነካ ይችላል፤ አልክድም። ግን የእርስዎን 30 ቅብብል እንመልከተው። ለማን እንደሚያቀብል ያውቃል፣ መቼ እንደሚያቀብል ያውቃል፣ ማንም አይነጥቀውም። በጨዋታ ውስጥ የሚከብደው ደግሞ ይኸው «ለማንና መቼ» ነው። ስለዚህ ነው በሰልፍ ጎበዝ የነበረው ልጅ ተከላካይ ሲመጣበት የደረት ለደረት ኳሱን በተከላካዩ እጅ ላይ የሚያስቀምጠው። ተከላካይ ቢኖር ኖሮ እጁ ወደ ላይ ከሆነ በንጣሪ (መሬት ነጥራ በምትደርስ ኳስ)፣ እጁ ዝቅ ካለ በላይ ማቀበል እንዳለበት ያይ ነበር። ንጣሪዋም ብትሆን በሁለቱ መሐል ያለውን ርቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ሄዳ እንድትነጥር የምንለው ለምን እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው፤ ቀድማ ከነጠረች ከፍ ብላ ትነጠቃለች፣ ዘግይታ ከነጠረች ተቀባዩ እግር ላይ ትገባለች።

እ.ኤ.አ. በ1982 ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ ያቀረቡት አካሄድ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ «ምን ላድርግ?» የሚለው ከ«እንዴት ላድርገው?» ይቅደም። ክህሎቱን ጣሉት አላሉም። ተማሪው ሲያስፈልገው ይሰጠው ነው ያሉት።

ሪባውንድ፦ ወንድሜ ሦስት ለሦስት፣ ወደ ጨዋታው አደላለሁ፤ ነገር ግን 3 ለ3 ለጀማሪ ፍትሐዊ ጨዋታ አይደለም። በእኩል ቁጥር መከላከል ከማጥቃት በጣም ይቀላል፤ ተከላካይ አንድ ሰው ተከትሎ መሮጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ አጥቂው ግን መያዝ፣ ማየት፣ መወሰን፣ ማቀበል አለበት። ውጤቱ በየ3 ሰከንዱ ኳስ መነጠቅ ነው። ልጆቹም ጎበዙን ብቻ ይፈልጋሉ፤ ጋሼ ፊሽካ የጠየቁት ደካማ ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ወደ ሰልፍ መመለስ ሳይሆን የተከላካይን ቁጥር መቀነስ ነው። በ3 ለ1 ጀምሩ። ሁለቱ ደጋፊዎች ከኳሱ ግራና ቀኝ 4 ሜትር ያህል ርቀው ይቆማሉ፤ ተከላካዩ አንዱን ሲዘጋ ሌላው የግድ ክፍት ነው። አሥር ቅብብል ካለፉ በኋላ 3 ለ2፤ እዚህ ያልያዘው ሰው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ካልተንቀሳቀሰ ኳስ አይደርሰውምና። 3 ለ3 ቢያንስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይሁን። በሁለት እግር በአንድ ጊዜ ማረፍና ፒቮት (አንዱን እግር ተክሎ በእሱ ላይ መዞር) ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን መግባት አለባቸው፤ በሁለቱም እግሩ እኩል ያረፈ ተማሪ የወደደውን እግር ፒቮት አድርጎ ከተከላካዩ ይዞራል፣ እየተራመደ የተቀበለው ግን ወይ ትራቭል (ኳስ ይዞ የመራመድ ጥፋት) ይፈጽማል ወይ ጀርባውን ለጓደኞቹ ይሰጣል።

ሁሉም ኳሱን ከቦ ሲተራመስ ደግሞ ንግግር አታብዙ። ፊሽካ ንፉ፣ ሁሉም በቆመበት ይቅር፣ ኳሱን የያዘውን ብቻ «ማንን ማየት ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ማንንም» ካለ የቀሩት ራሳቸው ይበታተናሉ።

ፊሽካ፦ እህቴ ሪባውንድ፣ የ3 ለ1ን ነገር እቀበላለሁ፤ የተከላካይ ቁጥር ቀንሶ መለማመድ እኔም ከምለው ብዙም አይርቅም። ቅርጫት ላይ መወርወርን ግን ማንኛችሁም አልነካችሁትም። ቅርጫቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ነው፣ ዝቅ አይልም። አቅም የሌለው ተማሪ ከቦርዱ 4 ሜትር ከ60 ካለው የቅጣት መስመር ሲወረውር ኳሱን ከወገቡ አንሥቶ በሁለት እጁ ይገፋዋል፤ በጨዋታ ውስጥ ይህን መቶ ጊዜ ሲደግመው ስሕተቱ ይጸናበታል። ከ1 ሜትር ተኩል ጀምሮ፣ ክርኑ ከቅርጫቱ ትይዩ ሆኖ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ከለቀቀ በኋላ አንጓው ታጥፎ እንዲቀር አድርጎ ነው መጀመር ያለበት። ሦስት ካገባ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ። ይህ ለብቻው የሚሠራ ልምምድ ነው፣ ጨዋታ አይተካውም።

ሪባውንድ፦ በመወርወር ላይ ልክ ነዎት። 6 ቁጥር ኳስ ካለ ደግሞ ለደካሞቹ እሱ ይሰጣቸው፤ ዙሪያው ከ7 ቁጥሩ 3 ሳንቲ ያህል ያንሳል፣ ቀለልም ይላል፣ የክርኑ አቀማመጥ ወዲያው ሲስተካከል ታያላችሁ።

ባለ ቾክ፦ የምትከራከሩት ስለ ማስተማር ነው፤ የሚወስነው ግን ምዘናው ነው። ፈተናው «ከ10 ለይ አፕ ስንት አገባህ» ከሆነ ተማሪው ጨዋታውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ለይ አፕ ብቻ ይለማመዳል፤ መምህሩም እንዲሁ። ስለዚህ በጨዋታ ካስተማርን በጨዋታ እንመዝን። ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ውሳኔ፣ አፈጻጸም፣ ያለ ኳስ እንቅስቃሴ። ትክክለኛው ሰው ተመርጦለት የተላከ ኳስ ተቀባዩ ቢጥለው እንኳ ላቀባዩ በውሳኔ ዓምድ ትክክል ተብሎ ይጻፋል። አቀብሎ ቆሞ የቀረ ደግሞ በሦስተኛው ዓምድ ያጣል።

ፊሽካ፦ 48 ተማሪ ነው ያለው አወያዩ። ለአንዱ 2 ደቂቃ ብንመድብ 96 ደቂቃ፤ በ24 ደቂቃ ሲካፈል አራት ሙሉ ክፍለ ጊዜ። ከ8ቱ ግማሹ ለምዘና ሊሄድ ነው? ደግሞስ ደካማ ቡድን የደረሰው ተማሪ ያለ ኳስ ሲንቀሳቀስ ማን አቀብሎት ይታያል? ለይ አፕ የራሱ ብቻ ነው፤ ማንም ላይ አያሳብብም፣ ውጤቱንም ቢጠይቀኝ ቆጥሬ አሳየዋለሁ።

ባለ ቾክ፦ አንድ በአንድ የሚታይ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የምናየው አንድ 3 ለ3 ነው፤ ስድስት ተማሪ ለ6 ደቂቃ፣ ስምንት ምድብ፣ 48 ደቂቃ፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ከቀሪው 42 ተማሪ 30ው በሌሎቹ አምስት ቦታዎች ይጫወታል፣ 12ቱ እንደ ተባለው ይዳኛል፣ ቅብብል ይቆጥራል እንጂ ዝም ብሎ አይቆምም። የቡድኑ ጉዳይ ደግሞ 3 ደቂቃ ላይ ቡድኖቹን በማደባለቅ ይቃለላል። እንቅስቃሴውን በተመለከተ ኳስ ደረሰው አልደረሰው አናይም፤ ተከላካዩን ጥሎ ለኳሱ የሚታይ ቦታ ደረሰ ወይ ነው ጥያቄው።

አወያይ፦ ምዘናው ላይ እንዳልተስማማችሁ መዝግቤአለሁ። አንድ ነገር ይቀራል፤ መከላከል። ዞን (እያንዳንዱ የተሰጠውን ቦታ የሚጠብቅበት) ነው ወይስ ሰው በሰው (እያንዳንዱ አንድ አጥቂ የሚይዝበት)?

ፊሽካ፦ ለክፍል 2-3 ዞን (ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ) ይቀላል። ቦታቸውን አሳይተህ ትሄዳለህ።

ሦስት ለሦስት፦ ለመምህሩ ይቀላል፤ ጨዋታውን ግን ይገድለዋል። በዚህ ዕድሜ ከሩቅ የሚያገባ ስለሌለ አምስቱ ቅርጫቱ ሥር ከቆሙ አጥቂው ዙሪያውን ከመቀባበል ሌላ የሚሠራው የለም። ሰው በሰው ይሁን።

ሪባውንድ፦ ሰው በሰው ይሁን፤ ግን «ሰውህን ያዝ» ብላችሁ ብቻ አትለቋቸው፤ ያኔ ጀርባቸውን ለኳሱ ሰጥተው ልጅ ለልጅ ይሯሯጣሉ። ተከላካይ በሚይዘው ሰውና በቅርጫቱ መሐል ይቆማል፤ ኳሱ ከሰውዬው ሁለት ቅብብል ሲርቅ ወደ መሐል ሁለት እርምጃ ይገባና አንዱን እጁን ወደ ኳሱ፣ ሌላውን ወደ ሰውዬው ይዘረጋል። አንገቱን ሳያዞር ሁለቱን እጆቹን በዐይኑ ዳር ማየት ካልቻለ ቦታው ተሳስቷል። እጁን ያስዘረጋሁት ለዚሁ ነው፤ መምህሩ ከሜዳው ዳር ሆኖ ማን ኳሱን ብቻ እያየ እንደሆነ በአንድ ዐይን እንዲለይ። ኳሱን ብቻ ያየው ልጅ ሰውዬው በጀርባው ሾልኮ ቅርጫቱ ሥር ሲቀበል የሚያውቀው ጎሉ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህ ሲሆን ጨዋታውን አስቁማችሁ ቦታውን እዚያው አሳዩት።

ፊሽካ፦ ይህን ለማስተማር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይጠይቃል። ከ8ቱ የትኛውን ልትቀንሱ ነው?

ሪባውንድ፦ ስድስተኛውን። 5 ለ5 በሙሉ ሜዳ ለማጫወት የተያዘውን። 10 ተጫውቶ 38 ከሚያይ ይቅር።