አጋዘኑ ሲመናመን አደን መዝጋት ያዋጣል?

አስተባባሪ፦ በምዕራብ አሜሪካ «ሚዩል ዲር» የሚባለው ጆሮ ትልቁ አጋዘን ለዓመታት እየቀነሰ ነው። ከአዳኞቹም መካከል «ለጥቂት ዓመት ይዘጋ» የሚሉ አሉ። እናንተስ?

ሾላ፦ ይዘጋ እንጂ! መንጋው ሲያንስ የሚገደለውም ይነስ። ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?

ቀስተኛ፦ ሾላ ወንድሜ፣ የቱ ይዘጋ? የወንዱ ነው የእንስቷ? አብዛኛው ፈቃድ የሚሰጠው ለወንድ ነው። አንድ ወንድ ደግሞ ብዙ እንስት ያስፀንሳል፤ ጥቂት ወንዶች ቢጎድሉ እንስቶቹ ሳይፀንሱ አይቀሩም። የእንስት ፈቃድ ይቀነስ ካልክ አብሬህ ነኝ። የወንዱን መዝጋት ግን ወሬው ያምራል እንጂ ግልገል አይጨምርም።

ሾላ፦ ሕግ አይሠራም ልትለኝ ነው? ሌላው ዝርያ፣ ጭራ ነጩ አጋዘን እኮ ለገበያ እየታደነ በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ ወደ ጥቂት መቶ ሺህ ወርዶ ነበር። ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ማን አዳነው?

ቀስተኛ፦ ሕጉ ረድቶታል፣ አልክድም። የ1900ው የሌሲ ሕግ በሕገወጥ መንገድ የታደነ ሥጋ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ ከለከለ። ያኔ ገዳዩ ገበያው ነበር፤ ሕጉም ገዳዩን አገኘው። አሁንስ ገዳዩ ማን ነው? በ2023 መጀመሪያ ምዕራብ ዋዮሚንግ ውስጥ ብዙ አጋዘን የፈጀው በረዶ ነው። በረዶው ላዩ ቀልጦ መልሶ ሲጋገር ሰኮና አይፈነቅለውም። ግልገል ደግሞ ያጠራቀመው ስብ ትንሽ ነው፣ ቀድሞ ይወድቃል። በረሃብ የሞተውን የጭኑን አጥንት ብትሰብረው መቅኔው ነጭና ጠጣር አይደለም፤ ቀይና ዝልግልግ ነው። ጥይት እንዲህ አያደርግም።

ሰንበሌጥ፦ አጥሩን ሁለታችሁም ረሳችሁት። እዚያው ዋዮሚንግ ከሬድ ዴዘርት እስከ ሆባክ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንጋ አለ። በመንገዱ ላይ ስንት ሽቦ እንደሚያቋርጥ አስቡት። እናትየው ስትዘል የኋላ እግሯ በላይኛዎቹ ሁለት ሽቦዎች መሃል ይጠመዘዝና ተንጠልጥላ ትቀራለች። ግልገሏ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃታል። ለዚህ የትኛው የአደን ደንብ ይደርስላታል?

ሾላ፦ እሺ እህቴ፣ አጥሩስ ይሁን። ግን መዝጋቱ ምን ይጎዳል? ባይጠቅም እንኳ አይጎዳም።

ቀስተኛ፦ ሊጎዳ ይችላል። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየው አክሳይ በሽታ አለ፤ መነሻው ፕሪዮን የሚባል የተዛባ ፕሮቲን ነው። መድኃኒት የለውም፣ በሚዩል ዲር ከእንስቶቹ ይልቅ ጎልማሳ ወንዶች ላይ ይበዛል። ወንዱን ዘግተህ ስታስረጀው በሽታውንም አብረህ ልታቆየው ትችላለህ።

ሾላ፦ ይሄን አላሰብኩትም። በቃ፣ የእንስቷ ብቻ ይዘጋ። ግን ያን ሁሉ ሽቦ ለአጋዘን በሚመች አጥር ለመለወጥ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሰንበሌጥ፦ አንዱ ምንጭ የአደን ፈቃድ ክፍያ ነዋ፤ እሱንም ልትዘጋብን ነበር!