ሾተላይ፣ ኅብር፣ ቅሪት፦ በእናትና በልጅ መካከል ለሚሻገረው ሴል ምን ስም እንስጠው?

ፊደለኛው፦ የጤና ጽሑፎች «ሾተላይ»ን በቀጥታ «የአርኤች አለመጣጣም» (የእናትና የፅንስ የደም ዓይነት አለመስማማት) ብለው ይፈቱታል። ቃሉ ይህን ብቻ ነው የሚለው? ደግሞስ የልጅ ሴል በእናት ገላ፣ የእናትም በልጅ ገላ ለዓመታት ሲቀመጥ (ማይክሮኪሜሪዝም የሚሉት) በአማርኛ ምን እንበል?

ሰው ከላብራቶሪ፦ ሾተላይና የአርኤች አለመጣጣም እኩል አይደሉም። በአገርኛው ሾተላይ ልጅ የማያሳድግ መንፈስ ነው፤ ፅንስ ያስወርዳል፣ የተወለደውንም ይቀጥፋል። «ሾተላይ አለባት» የተባለች ሴት ችግሯ ቂጥኝ ወይም የማሕፀን በር መላላት ሊሆን ይችላል። አርኤች ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ደሟ አርኤች ፖዘቲቭ (የአርኤች ፕሮቲን በቀይ ሴሉ ላይ ያለው) ለሆነ እናት «የሾተላይ መርፌ» (የእናት ሰውነት የፅንሱን ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል እንዳይሠራ የሚከላከለው) ምንም አይፈይድላትም።

አርኤች ከሆነ ግን ነገሩ የሴል መሻገር ነው። እናት ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የልጁ ቀይ የደም ሴል፣ በተለይ እንግዴ ልጁ በሚላቀቅበት ሰዓት፣ ወደ እናት ይገባል። ውርጃና ሆድ ላይ የሚደርስ ምትም ያው ነው። ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል እስኪሠራ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይወለዳል፤ ጦሱ ለተከታዩ ነው። መርፌው በእርግዝና 28ኛው ሳምንት፣ ከዚያም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። 300 ማይክሮግራም የያዘው አንድ መርፌ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ደም ያከሽፋል። የበለጠ መግባቱ ከተጠረጠረ የእናት ደም ስላይድ ላይ ተቀብቶ በአሲድ ይታጠባል፤ የአዋቂው ሄሞግሎቢን ወጥቶ ሴሉ ገርጥቶ ይቀራል፣ የፅንሱ ሴል እንደቀላ ይታያል፣ ይቆጠራል። ታላሴሚያ (በዘር የሚወረስ የሄሞግሎቢን ችግር) ያለባት እናት ራሷ የፅንስ ሄሞግሎቢን ሊኖራት ስለሚችል ቆጠራውን ታሳስታለች። ፀረ እንግዳ አካሉ ቀድሞ ከተሠራ ደግሞ መርፌው አይመልሰውም።

ነቁጥ፦ ሁለተኛውን ጥያቄ ልጨምር። በ1893 ሽሞርል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በኤክላምፕሲያ (በእርግዝና በሚመጣ የደም ግፊትና መንቀጥቀጥ) በሞቱ ሴቶች ሳንባ ውስጥ የእንግዴ ልጅ ሴሎች አገኘ። በ1996 የታተመ ጥናት ደግሞ ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት በሆናት እናት ደም ውስጥ የወንድ ሴል አሳየ። በ2012 የ59 ሴቶች አስከሬን አንጎል ተመርምሮ በ63 በመቶው የወንድ ዲኤንኤ ተገኘ። የሚፈለገው ዋይ ክሮሞሶም የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፦ የወንድ ክሮሞሶም ስለሆነ በእናት የራሷ ሴል ውስጥ አይገኝም። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ የሴት ልጅ ሴል ያመልጣል፣ ደም የተሰጣት ሴትም ወይም ሳታውቀው ወንድ ፅንስ የጨነገፈባት «የልጅ ሴል አላት» ልትባል ትችላለች።

ቅኔ ወዳድ፦ እንግዲህ ወደ ስያሜው እንምጣ። «ክልስ» እና «ዲቃላ» አይሆኑም (ሁለተኛው ስድብም ነው)፤ በክልስ ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ከሁለት ወገን የተቀዳ ነው፣ እዚህ ግን የእናት ሴል የእናት፣ የልጅ ሴል የልጅ ሆኖ ጎን ለጎን ይኖራል። «ውህድ»ም ይሳሳታል፣ በውህድ ውስጥ ሁለቱም መልካቸውን ይለውጣሉ። እኔ «ኅብር» እላለሁ። በቅኔ ኅብር አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሳይቀላቀል ይሸከማል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰው ከላብራቶሪ፦ ያምራል፣ ግን «ኅብር ሴል» ቢሉት አንባቢው የቀለም ነገር ይመስለዋል።

ፊደለኛው፦ «ቅሪት»ስ? ገና የፀነሰችውን ሴት «ቅሪት ናት» እንላታለን፣ የቀረውንም ነገር «ቅሪት» እንላለን። «የልጅ ቅሪት» በእናት፣ «የእናት ቅሪት» በልጅ። «የአብራክ ክፋይ» ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ስለሚሄድ ለመልሱ ጉዞ አይመችም።

ነቁጥ፦ ወንድሜ፣ «ቅሪት» ሲባል ብዙው ሰው ቅሪተ አካል ያስባል፤ ሴሎቹ ግን ሕያው ናቸው፣ ይባዛሉም። «የቆየ ሴል» ብለን በቀላሉ ብናልፈው ይሻላል።

ቅኔ ወዳድ፦ «የቆየ»ማ የበሰለ ወጥ ነው! «ኅብር»ን አልለቅም፤ ቢያንስ በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ይፍቱት፣ ከዚያ ይጠቀሙበት።