በአያቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘ የተማሪ ጥልፍ፦ የጠላፊዋን ማንነት እንዴት ላጣራ?

ጠያቂ፣ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቅርቡ ያረፉት አያቴ ሂርማታ አካባቢ ይኖሩበት በነበረው ቤት፣ ከልብስ ሳጥናቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ አንድ የተማሪ ጥልፍ አገኘን። ጨርቁ አቡጀዲ ነው። ከላይ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ግዕዝ ፊደላት፣ ከሥራቸው ከ፩ እስከ ፲ ያሉት ቁጥሮች፣ መካከሉ ላይ ጀበናና ሦስት ሲኒዎች፣ ዙሪያውን ደግሞ የሐረግ ጌጥ በቀይና በአረንጓዴ ክር ተጠልፎበታል። ከታች «ወ/ት» ብሎ የሚጀምር የአንዲት ልጅ ስም ከነአባቷ ስም፣ ቀጥሎም «ዕድሜ ፲፪፣ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ጅማ» የሚል ጽሑፍና «፲፱፻፵» ድረስ የሚነበብ ዓመተ ምሕረት አለ፤ የመጨረሻው አኃዝ ክሩ ተበልቷል። ከሁሉም በታች ያለው መስመር ግማሹ ረግፎ የሴት ስም መሆኑ ብቻ ይለያል።

ያስጨነቀኝ ነገር ይህ ነው፦ የልጅቷ አባት ስም ከአያቴ አባት ስም ጋር አንድ ሲሆን የራሷን ስም ግን ከቤተሰባችን የሚያውቅ የለም። አያቴ እህት እንደነበራቸውም ሰምተን አናውቅም። የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ እየጻፍኩ ስለሆነ ይህችን ልጅ ሳላውቃት ማለፍ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

የታሪክ መምህር

እህቴ፣ በቅድሚያ ዘመኑን እንለየው። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ከጣሊያን መውጣት በኋላ ነው፤ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው አጠራር ደግሞ በደርግ ጊዜ በ«ክፍለ ሀገር» ተተክቷል። ስለዚህ በ1940ዎቹ ተጠለፈ የሚለው ንባብዎ ከቦታው አጻጻፍ ጋር በትክክል ይስማማል። ልጅቷ በወቅቱ 12 ዓመቷ ከነበረ፣ የተወለደችው ከ1928 እስከ 1937 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። አያትዎ መቼ ተወለዱ ይባላል? ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በሰኔ 1933 በመሆኑ፣ ታላላቆችን ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ «ከጣሊያን መውጣት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው የሚቆጥሩ አባቶች ቆጠራውን የሚያወርዱት በአብዛኛው በአባት መስመር ስለሆነ፣ የሴት ልጆች ስም በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። አንዲት ልጅ ስሟን፣ ዕድሜዋንና ከተማዋን በገዛ እጇ የጻፈችበትን ጨርቅ እኔ ከማንኛውም ማኅተም ካለበት ወረቀት አላሳንሰውም።

በጡረታ ላይ ያለሁ የእጅ ሥራ መምህርት

ልጄ፣ የፊቱን ለጊዜው ተዪና ጀርባውን ተመልከቺ። ፊቱ ብርሃን ስለሚያገኘው ቀለሙ ይለቃል፤ ጀርባው ግን የመጀመሪያውን ቀለም ይዞ ይቆያል። ክሩ በረገፈበት ቦታም ቢሆን መርፌው ያለፈበት ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ አይደፈንም። ጨርቁን ሳትወጥሪ በመስኮት ብርሃን ፊት ያዢውና ቀዳዳዎቹን በካሬ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ገልብጪ። በተለይ ፮ እና ፯ በመስቀለኛ ስፌት ሲጻፉ ኩርባቸው ወደ ማዕዘን ስለሚለወጥ ይመሳሰላሉና አትቸኩዪ።

ስሞቹንም በጥንቃቄ እዪ። በጨርቅ ላይ የተጠለፈ ስም ሁሉ የጠላፊዋ ላይሆን ይችላል። እንግሊዝ አገር የተሠራውና ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1598 የተጻፈበት የጥልፍ መለማመጃ ጨርቅ ሁለት ስሞች አሉት፤ ጄን ቦስቶክ የጠላፊዋ ስም ሲሆን፣ አሊስ ሊ ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ የተወለደች ሕፃን ናት። ስለዚህ ከታችኛው ስም ፊት «ለ» የሚል ፊደል ኖሮ እንደሆነ ፈልጊ።

ሌላው ደግሞ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላት እንደነበር አትርሺ። ያ ስም ከጸና የልጅነት ስሟን ልጆቿ እንኳን ላያውቁት ይችላሉ። አያትሽ እህት ነበራቸው ከማለትሽ በፊት ልጅቷ ራሳቸው አያትሽ አለመሆናቸውን አጣሪ።

ከአጋሮ

ጨርቁን እባክዎ አይጠቡት፤ የድሮ ቀይ ክር ውኃ ሲነካው ቀለሙ ወደ ነጩ ይፈስሳል። በጋዜጣም አይጠቅልሉት፤ ቀለሙ ያልፍበታል፣ ወረቀቱም ጨርቁን ያቢጫል። ጅማ እርጥበቷ ብዙ ስለሆነ በፌስታል ዘግተው ቢያስቀምጡት ይሻግታል። ተቀቅሎ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ላይ ያኑሩት።

ጠያቂ፣ ከጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህርት እንዳዘዙኝ ቀዳዳዎቹን በካሬ ወረቀት ገለበጥኳቸው። የመጨረሻው መስመር «ለእናቴ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ስም የአያቴ እናት ስም ነው። የዓመተ ምሕረቱ አኃዝ ፮ ወይም ፯ መሆኑን ገና አልለየሁም። በሁለቱም ንባብ ግን ልጅቷ የተወለደችው በ1934 ወይም በ1935 ስለሚሆን፣ አያቴ «ጣሊያን ከጅማ በወጣ በዓመቱ ግድም ተወለድኩ» ይሉ ከነበረው ጋር ይቀራረባል። አጋሮ ያሉት ታላቅ አክስቴ፣ የምናውቀው የአያቴ ስም አማታቸው ያወጡላቸው እንደሆነና የቀድሞውን ስም እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። አሁን የቀረኝ የክርስትና መዝገብ ካለ መጠየቅና በሕይወት ካሉ የልጅነት ባልንጀሮቻቸው ስሙን ማጣራት ነው። እስከዚያው ድረስ በትውልድ ሐረጉ ላይ ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን ጽፌ፣ መካከላቸው የጥያቄ ምልክት አኑሬአለሁ።