በ«ሐምሌት» ውስጥ ሸፍጡ የማን ነው?

ንባብ ወዳድ
ጤና ይስጥልኝ። የሼክስፒርን «ሐምሌት» ሳነብ ከራሴ ጋር የሚያሟግተኝ ጥያቄ አለ። ንቅዘቱ ከንጉሡ ከክላውዲየስ እንደሚነሣ ግልጽ ነው፤ በአትክልት ቦታ በተኛው ወንድሙ፣ በልዑሉ በሐምሌት አባት፣ ጆሮ መርዝ አፍስሶ ከገደለው በኋላ፣ እባብ ነደፈው ተብሎ እንዲወራ አድርጓል። ነገር ግን ሐምሌትም ሆን ብሎ ያበደ መስሎ ይታያል፣ ደብዳቤም ይለውጣል። ታዲያ እርሱንም ከነቀዙት ወገን ልንቆጥረው ይገባል?

የመድረክ ሰው
አስቀድሞ የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን ማየት የሚበጅ ይመስለኛል። በሁለተኛው ገቢር መክፈቻ ላይ አገልጋዩን ሬይናልዶን ወደ ፓሪስ ሲልክ፣ ለልጁ ለሌርቲስ ገንዘብና ደብዳቤ እንዲያደርስ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ቁማርተኛ ነው፣ ይጠጣል፣ ጠበኛ ነው እያለ ስሙን በመጠኑ እንዲያጎድፍና የሚመልሱለትን እንዲያዳምጥ ያዝዘዋል። ብዙ ጊዜ በመድረክ ላይ የሚቆረጠው ይህ ትዕይንት፣ ለእኔ የቤተ መንግሥቱን ብልሽት ከግድያው ይልቅ ያሳየኛል፤ አባት በገዛ ልጁ ላይ፣ ያለ አንዳች ጠላት፣ እንደ ዕለት ሥራው አድርጎ ይሰልላልና። ኋላም ሴት ልጁን ኦፊሊያን ለሐምሌት ማጥመጃ ያደርጋታል፤ ራሱም በንግሥቲቱ እልፍኝ ከመጋረጃ ጀርባ እንደተሸሸገ በሐምሌት ሰይፍ ይሞታል።

አንባቢት
ጥያቄው ስለ ሐምሌት ስለሆነ ወደ ደብዳቤው ልመለስ። እብደቱ እውነቱን ለማጣራት ነው ብንል እንኳ፣ ወደ እንግሊዝ በሚጓዘው መርከብ ላይ ያደረገው ከዚያ ያልፋል። ክላውዲየስ እርሱን ለማስገደል የጻፈውን ትእዛዝ በሌላ ተክቶ፣ አብሮ አደጎቹ ሮዘንክራንትዝና ጊልደንስተርን የመናዘዣ ጊዜ እንኳ ሳይሰጣቸው እንዲገደሉ ጽፎ በአባቱ ማኅተም ያትመዋል። ሁለቱ የያዙትን ትእዛዝ ይዘት ማወቃቸውን ተውኔቱ አይነግረንም። እርሱ ግን ኅሊናው እንደማይወቅሰው ለወዳጁ ለሆራሺዮ ይነግረዋል።

የመድረክ ሰው
ስለ ደብዳቤው አልከራከርዎትም፤ ከክላውዲየስ ጋር ግን እኩል አላደርገውም። ንጉሡ በሦስተኛው ገቢር ለጸሎት ሲንበረከክ፣ በዚህ ዓለም ወንጀለኛ በዘረፈው ሀብት ሕግን ሊገዛ እንደሚችል፣ በሰማይ ግን እንደማይቻል፣ ዘውዱንና ንግሥቲቱን እንደያዘም ይቅርታ እንደማያገኝ በራሱ አንደበት ይናገራል። ይህን ሁሉ እያወቀ ሐምሌት ከሌርቲስ ጋር በሚያደርገው የሰይፍ ግጥሚያ እንዲሞት የተመረዘ ሰይፍና ጽዋ ማዘጋጀቱን አይተውም። የሚገርመው፣ ሐምሌት ተንኮል የማያውቅ ስለሆነ ሰይፎቹን አይመረምርም ብሎ ለሌርቲስ የመሰከረው እርሱ ራሱ ነው።

አንባቢት
ይህን ሲመሰክር ግን ደብዳቤው መለወጡን ገና አልሰማም ነበር።